ከሬንጁ ሥር ያለው ቁጥር

ጋሽ ቁጥር የእኔን ስልክ በቃሉ ያውቃል። የመብራት ቆጣሪዬን ቁጥር፣ የጎረቤቴን የጋዝ ሲሊንደር ቁጥር፣ ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ከሠላሳ ዓመት በፊት ይነዳት የነበረችውን መኪና ታርጋ ሳይቀር ያውቃል። ደውሎልኝ ግን አያውቅም። ለማንም ደውሎ አያውቅም። ቁጥሩን ሁሉ ይዞ ሰዉን የጣለ ሰው ነው። ይኼን ፊት ለፊቱም ስለምለው ሐሜት አይባልም።

እኔ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለኝ። ባለቤቴ ሲሞት ወንድሞቹ "ሴት ከባሌስትራና ከካምቢዮ ጋር ምን አላት፣ ሽጪው" ብለውኝ ነበር። አልሸጥኩትም፤ እነሱንም እስካሁን አላናገርኳቸው። ስናደድ እንደዚህ ነኝ፣ አፌም ልጓም የለውም። ሱቁ በረንዳ ላይ ሁለት በርጩማና አንድ የዳማ ሰሌዳ አለ። አንደኛው በርጩማ ላይ ጋሽ ቁጥር ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ከጠዋት እስከ ማታ ይቀመጣል። ሁለተኛው ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንም አልተቀመጠም። ደንበኛ ሊያርፍ ጎንበስ ሲል ጋሽ ቁጥር ቀና ይልና "እሱ ሰው አለው" ይላል።

ሰውየው የት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ሁለት መንገድ ተሻግሮ፣ የዱቄት መጋዘን በር ላይ ዘበኛ ነው። በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። ሁለቱ እንደ ወንድም ነበሩ፤ ዛሬ አንዱ በዚህ ጥግ ሲመጣ ሌላው በዚያ ጥግ ይሻገራል። መጀመሪያ የሚሻገረው ሁልጊዜ ዘበኛው ነው። ያኔ ጋሽ ቁጥር ቆሞ ጀርባውን ያያል።

"ጋሽ ቁጥር" እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም፤ ያወጣለት ያው ዘበኛው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የመኪና ምዝገባ ቢሮ ሠርቷል። ሥራው ምን መሰላችሁ? መኪና ስትሸጥና ስትለወጥ፣ ፋብሪካው ሞተሯና ሻንሲዋ ላይ የመታው ቁጥር ሊብሬዋ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆኑን ማየት ነው። ብረቱ ላይ ስስ ወረቀት ያስቀምጥና በእርሳስ ጎን ያሸዋል፤ አሃዞቹ አንድ በአንድ ወረቀቱ ላይ ብቅ ይላሉ። አንዱን ወረቀት ፋይል ውስጥ ያስገባል፣ አንድ ደግሞ ለራሱ ያሻል። "ለምንህ ነው?" ሲሉት "ሰው ይረሳል፣ ፋይል ይጠፋል" ይላል። የራሱን ወረቀቶች በብስኩት ቆርቆሮ በየዓመታቸው አስቀምጧቸዋል። አልጋው ሥር አሥራ አራት ቆርቆሮ አለ።

ቤቱ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ያለች አንድ ክፍል ናት። አሞት ሾርባ ይዤለት የገባሁ ቀን አየኋት። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ብርጭቆ። "እንግዳ ቢመጣብህስ?" ብለው "ይታጠባል" አለኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንግዳ አልመጣበትም፤ ብርጭቆውን የሚያጥበው ለራሱ ነው። አግብቶም አያውቅም። በወጣትነቱ ታጭታለት ነበር አሉ። የልደት ወረቀቷን ከትምህርት ቤት ወረቀቷ ጋር አስተያይቶ "ሁለት ዓመት ይለያያል፣ የትኛው ነው ትክክሉ?" ብሏት ቀረች ይባላል። እኔ አልነበርኩም፤ ግን ያደርገዋል።

ያም ሆኖ እንደሱ ያለ ዐዋቂ የለም። አሮጌ መኪና፣ ያውም ሦስት አራት ሰው የቆራረጣትንና የቀጣጠላትን፣ አምጥታችሁ ፊቱ ብታቆሙ ዓመቷን ይነግራችኋል። ሞተሩ የራሷ ይሁን የሰው፣ በሩ ከየት እንደመጣ፣ ሁሉን ይዘረግፍላችኋል። አንድ ጊዜ ብቻ ተሳሳተ። ያችው አንዷ ስህተት ግን አንድ ሰው በላች።

ዘበኛው ያኔ ሾፌር ነበር፤ አሁንም ሾፌሩ ነው የምለው። የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍር መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰማያዊ ላንድሮቨር ይነዳ ነበር። ሦስት ሳምንት ገጠር ከርሞ ሲመለስ፣ አቧራውን ሳያራግፍ መጀመሪያ የሚመጣው በረንዳዬ ላይ ነው። ዳማ ሲጫወቱ ሾፌሩ ቆርኪ ይሰርቃል። እጅጌው ውስጥ ይሸጉጠዋል፤ ጋሽ ቁጥር ሲቆጥር ይጎድልበታል፤ ከዚያ ጭቅጭቅ፣ ከዚያ ሳቅ። ጋሽ ቁጥር ሲስቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሳል ይመስላል፣ ግን ሳቅ ነበር።

መሥሪያ ቤቱ አሮጌ መኪኖቹን ለሠራተኞቹ ሲሸጥ ሾፌሩ ሰማያዊቷን ገዛት። የቤንዚን ሞተሯ ስላበቃለት ከእኛ ሱቅ የናፍጣ ሞተር ወሰደ፤ ባለቤቴ ራሱ ነው የመረጠለት። ከዚያ በስሙ ሊያዞራት ወደ ምዝገባ ቢሮ ይዟት ሄደ። ጠዋት በዚህ ሲያልፍ "ዛሬስ የምታየኝ የሰው ዓይን አይደለችም፣ የወዳጄ ናት" ብሎ ጥሩምባውን ነፋልኝ። ደስታው ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ።

ጋሽ ቁጥር የሞተሩን መለወጥ በሱቃችን ደረሰኝ ተቀበለ፤ የሻንሲውን ቁጥር ሁለት ቦታ አየ። መኪናዋ ውስጥ የተለጠፈችው የፋብሪካ የብረት ሰሌዳ የሊብሬውን ቁጥር ትላለች። ከፊት በስተቀኝ፣ ባሌስትራው የሚንጠለጠልበት የሻንሲው እግር ላይ የተመታው ደግሞ ሌላ ነው። እግሩም ዙሪያውን ተበይዷል። ሾፌሩ አስረዳው፦ የራሷ እግር መንገድ ላይ ተሰብሮ ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱ በያጅ ከተጣለች መኪና እግር ቆርጦ በየደላት፣ ስለዚህ ቁጥሩ አብሮ መጣ። የራሷ ቁጥር እንዳይጠፋ ግን በያጁ ከተሰበረው እግር ላይ ቁራጩን አንስቶ ከኋላ፣ ሻንሲውን የሚያገናኘው ብረት ውስጠኛ ጎን ላይ በይዶታል። ከዚያ ዝገት እንዳይበላው ሬንጅ ተቀባ።

"ግባና እይ" አለው።

"ደንቡ ሁለት ቦታ ነው የሚለው" አለ ጋሽ ቁጥር።

"አንተ ሰውዬ፣ እዚያው ነው ያለው! ሬንጁን ፋቅ ፋቅ አድርገው፣ ታየዋለህ።"

"ጀርባዬን አሞኛል።"

ሦስት ጊዜ ግባና እይ አለው። ሦስት ጊዜ አልገባም። ቅጹ ላይ "ቁጥሩ ከሌላ ተሽከርካሪ የመጣ፣ አጠራጣሪ" ብሎ ጻፈና ፈረመ። ሾፌሩን ከዚያው ከግቢው ወሰዱት። ሰባት ወር ታሰረ። ማስረጃ ስላልተሟላ ተብሎ ሲለቀቅ ሥራው ሄዷል፣ መንጃ ፈቃዱ ተሰርዟል፣ መኪናዋም በጨረታ ተሸጣለች። ሌባ የሚለው ስም ብቻ አብሮት ወጣ።

የሚያንገበግበኝ ምኑ መሰላችሁ? ለማያውቀው ሰው ቢሆን ጋሽ ቁጥር ይገባ ነበር። የማያውቀው ሰው መኪና ሥር ካርቶን አንጥፎ ግማሽ ቀን ሲተኛ እኔ ራሴ አይቼዋለሁ። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት አንድ ባልደረባው የአጎቱን ልጅ መኪና ሳያይ አሳልፏል ተብሎ ተባሮ ነበር። "ወዳጁ ስለሆነ አለፈው እንዳይሉኝ ነው ያጠበቅሁበት" አለኝ ጋሽ ቁጥር። በማግስቱ ደግሞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "በቆርኪ የሚያጭበረብር ሰው በመኪና አያጭበረብርም ማለት ይቻላል ወይ?" በርጩማውን አንስቼ ራሱ ላይ ባሳርፈው ደስ ባለኝ! ባለቤቴ ነው እጄን የያዘኝ።

እስር ቤት አልጠየቀውም። "ምን ብዬ ልሂድ? ቁጥሩ እንደዚያ ነው የሚለው" ይለኝ ነበር። ሲፈታም አልሄደም። ቀን ቀንን ሲወልድ ሳምንቱ ዓመት ሆነ፣ ዓመቱ አሥር ሆነ። ጋሽ ቁጥር ጡረታ እስኪወጣ ሥራውን ሲጨርስ፣ ኋላም ከጠዋት ጀምሮ በየቀኑ ይመጣል፣ ቆርኪዎቹን በሁለቱም በኩል ይደረድራል፣ ለራሱ ይጫወታል፣ ለሾፌሩም ይጫወታል። ለሾፌሩ ሲጫወት ቀስ ይላል። ማን እንደሚያሸንፍ ጠይቄው አላውቅም፤ ያስፈራኛል።

ባለፈው ወር አንዲት የጥርስ ሐኪም ሱቄ መጣች። ጎበዝ፣ ሳቂታ ልጅ ናት። አሮጌ ላንድሮቨር ገዝታ እንደ አዲስ ልታሠራት ትፈልጋለች። ሊብሬዋን አይቼ የፒስተን ቀለበት ሰጠኋት፣ አልገጠመም ብላ መለሰችው። ሌላ ሰጠኋት፣ እሱንም መለሰችው።

"እትዬ፣ ሰው ይስቅብኛል እኮ! ሜካኒኩ ሞተሩ የየትኛው መኪና እንደሆነ እንኳ አላውቅም አለኝ።"

"ጥፋቱ የኔ አይደለም፣ የሊብሬሽ ነው። ጎትተሽ አምጪያት። እዚያ የተቀመጠውን ሰውዬ ታዪዋለሽ? እሱ ይነግርሻል።"

"ተኝተዋል መሰለኝ።"

"አልተኛም። ተራው የሌላው ሰው ስለሆነ ነው።"

ልጅቱ አልገባትም። እኔም አላብራራሁላትም።

በማግስቱ ጠዋት ላንድሮቨሯ ተጎትታ ከሱቄ ጀርባ ያለው ግቢ ገባች። አረንጓዴ ተቀብታለች፤ የሸራ ጣሪያዋ ሄዶ ቆርቆሮ ተደርጎላታል። ጋሽ ቁጥር መነጽሩን ጠርጎ አንድ ጊዜ ዞራት። ሲሠራ ሌላ ሰው ነው የሚሆነው። ጀርባው ይቃናል፣ አንደበቱም ይፈታል።

"መብራቶቿን ተመልከቺ" አላት። "ፍርግርጉ መሃል ናቸው፣ ጎማውን ወደሚሸፍነው ፓራፋንጎ አልወጡም። ኋላ የተሠሩት ላይ ወደ ጎን ወጥተዋል። ስለዚህ አሮጊት ናት። በሩ ደግሞ የሷ አይደለም፤ ማጠፊያው ሌላ ነው። በሩ የልጅ ልጇ ነው።"

ልጅቱ ሳቀች። "እኔ ጥርስ አይቼ ነው ዕድሜ የምናገረው፤ እርስዎ በማጠፊያ!"

"ጥርስ ይነቀላል። ሻንሲ አይነቀልም" አለ ኮራ ብሎ።

ኮፈኑን ከፈተ። "ሊብሬሽ ቤንዚን ይላል? ካንዴላ የሚገባበት ቀዳዳ አሳዪኝ እስቲ። የለም። ይኼ የናፍጣ ፓምፕ ነው። ሞተሩ ከመኪናዋ አሥር ዓመት ያንሳል፤ ሽማግሌ ላይ የጎረምሳ ልብ ተተክሏል።" ጨርቅ በናፍጣ ነከረና ከጭስ ማውጫው አጠገብ ያለችውን ጠፍጣፋ ቦታ አበሰ። ቁጥሩ ወጣ። ከቁጥሩ ጎን ደግሞ ሦስት ነጥቦች ነበሩ፣ በስል ብረት የተመቱ።

እኔ ቀድሜ አየኋቸው። ባለቤቴ በሚሸጠው ሞተር ሁሉ ላይ ሦስት ነጥብ ይመታ ነበር፣ ተበላሸ ብለው ሲመልሱበት የራሱ መሆኑን እንዲያውቅ። የናፍጣ ሞተር ለላንድሮቨር የሸጠው ደግሞ አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሰው ነው።

ጋሽ ቁጥርም አያቸው። ጣቱ ነጥቦቹ ላይ ቀረ። ከዚያ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ የኮፈኑን ጠርዝ በቀስታ ፋቀው። አረንጓዴው ተላጠ፣ ሥሩ ሰማያዊ ነው።

"ምን ሆኑ?" አለች ልጅቱ።

ጋሽ ቁጥር ወደ ፊት ሄዶ የቀኙን እግር፣ የተበየደውን፣ በመዳፉ ያዘው። እኔን አየኝ። እኔም አየሁት። እስኪ ዛሬስ ጀርባህን ያምህ እንደሆነ እናያለን፣ አልኩ በሆዴ። አፌን ግን ያዝኩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

"ካርቶን አምጪልኝ" አለኝ። "የሽቦ ብሩሽም።"

ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ኮቱን አውልቆ አጣጠፈ፣ ካርቶኑ ላይ በጀርባው ተኛና ከኋላ በኩል ገባ። እግሩ ብቻ ነበር የሚታየው፤ የአንዱ ጫማው ሶል ተበልቷል። ሬንጁ በዕድሜው ብዛት ድንጋይ ሆኗል። ሲፍቅ፣ ሲያርፍ፣ ሲፍቅ አንድ ሰዓት ሄደ። የጥርስ ሐኪሟ ሥራዋ ጋ መሄድ ነበረባት፣ ግን አልሄደችም። "ምን እየፈለጉ ነው?" አለችኝ በሹክሹክታ። "ወንድሙን" አልኳት።

በኋላ ብሩሹ ቆመ። ወረቀትና እርሳስ ከደረት ኪሱ ሲያወጣ ሰማሁ። እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ሲመላለስ ይሰማል፤ መሃል ላይ ይቋረጣል፣ እንደገና ይጀምራል። ሲወጣ ፊቱ ሬንጅ በሬንጅ ነው፣ ዓይኑ ሥር ብቻ ሁለት ቦታ ታጥቧል። ወረቀቱን አላሳየኝም። ለልጅቱ የሞተሩን ዓይነትና የመኪናዋን ዓመት በጥሩ እጅ ጽፎ ሰጣትና ኮቱን ሳይለብስ፣ በእጁ እንደያዘው ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግስቱ በርጩማው ላይ አልነበረም። እግሬን አንስቼ ቤቱ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ጋሽ ቁጥር መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ቆርቆሮዎቹ ተከፍተው። አልጋው ላይ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ተዘርግቷል። አንዱ በዕድሜ ብጫ ሆኗል፤ ያኔ መኪናዋ ውስጥ ከነበረችው የብረት ሰሌዳ ያሸው ነው። ሌላው የትናንቱ ነው።

"አንድ ናቸው" አለኝ። "በያጁ አንድ አሃዝ እንኳን አላበላሸም። እቴ፣ ልጁ እውነቱን ነበር።"

ልጁ አለው፤ ስልሳ ያለፈውን ሰውዬ።

"እውነቱን መሆኑን እኔ ያለ ወረቀት አውቅ ነበር!" አልኩት። ያን ጊዜ አፌ ተፈታ። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ስንት አዳር እንደሆነ ግን የሚናገር የለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዱቄት ሲቃም ከረመ፣ አንተ እዚህ ቆርኪ ስትደረድር!" ብዙ አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። መቼም ሰው ነኝና ኋላ ያችኑ አንዷን ብርጭቆ አጥቤ ሻይ ቀዳሁለት።

ወደ ሾፌሩ ለመሄድ ሁለት ቀን ፈጀበት። መጀመሪያ ለድሮ ቢሮው ጻፈ፦ ስህተቱ የእኔ ነው፣ ሦስተኛውን ቦታ እንዳይ ተለምኜ አላየሁም፣ ሰውየው ንጹሕ ነው። ማኅተም አስመትቶ ግልባጭ ተቀበለ። ከዚያ ሱቄ መጥቶ ቆመ። "አብረሽኝ ካልሄድሽ እግሬ አይሄድልኝም" አለኝ። ሱቁን ዘጋሁ። አሥር ደቂቃውን መንገድ በሃያ ደቂቃ ሄድነው።

ሾፌሩ የመጋዘኑ በር ጥላ ውስጥ ቆሟል። ቅንድቡ ላይ ሳይቀር ዱቄት አለ። ሲያየን ወደየትም ሊሻገር አልቻለም፤ በሩ የሱ ሥራ ነው።

"እንደምን ዋልክ?" አልኩ።

"ደኅና። አንቺስ ደኅና ነሽ?" አለ እኔን ብቻ እያየ።

ጋሽ ቁጥር ብዙ ሊናገር ተዘጋጅቶ ነበር፤ መንገድ ላይ ሲያጉተመትም ሰምቼዋለሁ። የታሸውን ወረቀት ብቻ ዘረጋለት። ሾፌሩ አልተቀበለውም። አንዴ ገልመጥ አደረገው፣ ከዚያ ወደ መንገዱ እያየ ቁጥሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሉ ጠራው።

"እኔ እኮ አውቀዋለሁ" አለ። "ሲበየድ ብረቱን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ለኔ ነው የምታሳየኝ?"

"ለቢሮው ጽፌያለሁ" አለ ጋሽ ቁጥር። "ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ፈርሜያለሁ። ይኸው፣ ማኅተም አለው።"

"ፈርመህ? አይ ጎበዝ። መፈረምማ መቼ ያቅትሃል።"

ጋሽ ቁጥር ዋጠው። እጁ ከነሁለቱ ወረቀት እንደተዘረጋ ነው። "አምንሃለሁ" አለ፤ አንድ እርምጃ ቀርቦ ደገመው። "አምንሃለሁ።"

ሾፌሩ ያን ጊዜ ነው ዞሮ ፊቱን ያየው። ይቆጣል ብዬ ነበር፣ አልተቆጣም። ደክሞት ነበር።

"አሁንማ ማንም ያምነኛል" አለ። "ማኅተም አለው አላልክም? ዳኛውም ያምነኛል፣ ፖሊሱም ያምነኛል። እኔ እስር ቤት በር በተከፈተ ቁጥር ቀና የምለው ለማንም አልነበረም። አንድ ቀን ወዳጄ ይመጣና 'ሬንጁን አልፋቅሁም፣ አላየሁም፣ ግን አንተ ካልክ ነው' ይለኛል ብዬ ነበር። ሰባት ወር ጠበቅሁ። ከወጣሁም በኋላ ጠበቅሁ። ሁለት መንገድ ነው እኮ!"

የዱቄት መኪና መጥቶ ጥሩምባ ነፋ። ሾፌሩ በሩን በሁለቱም በኩል ከፈተ፣ መኪናው ገባ፣ እሱም ተከትሎት ገባ፣ በሩ ተዘጋ። ግልባጩን ግን ወስዶታል። መቼ ከጋሽ ቁጥር እጅ እንደወሰደው አላየሁም። የታሸው ወረቀት ብቻ ነው ጋሽ ቁጥር እጅ ላይ የቀረው።

ስንመለስ ጋሽ ቁጥር በረንዳው ላይ ሲደርስ አልተቀመጠም። ቆርኪዎቹን አንድ በአንድ ለቅሞ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ያንን ማንንም የማያስነካውን በርጩማ በእግሩ ወደኔ ገፋ አደረገው።

"አስገቢው" አለኝ። "አይመጣም። ሰምተሽዋል።"

እንዲህ ስናደድ አይታችሁኝ አታውቁም። "አላስገባም!" አልኩት። መንገደኛ ዞሮ እስኪያየኝ ጮኽኩ። "ይመጣል ብዬ ነው? እኔ ምን ዐውቄ! ይመጣ እንደሆነ ቁጥር አልተመታበትም፣ በእርሳስ አይታሽም። ዛሬ 'አምንሃለሁ' አላልከውም? እስቲ እመነዋ! ያለ ወረቀት፣ አንድ ቀን እንኳን፣ ቁጭ ብለህ እመነው። ቆርኪዎቹን መልስ!"

ጋሽ ቁጥር እጁን ኪሱ ከቶ ቆርኪዎቹን አወጣ፣ በሁለቱም በኩል ደረደራቸው፣ በርጩማውንም ወደ ቦታው መለሰና ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

ይኼው ሦስት ሳምንት ሆነው። ለሾፌሩ መጫወት ትቷል። የራሱን አንድ ቆርኪ ገፍቶ ሾፌሩ ተራውን እስኪጫወት ይጠብቃል። ጠዋት ጠዋት ሱቁን ስከፍት የሁለቱንም በርጩማ አቧራ በጨርቅ አብስላቸዋለሁ።